ያልተደገመ ጥሪ አልተሰማም፦ የፔይንትቦል ቡድን በሜዳ ላይ የሚግባባበት መንገድ

ፔይንትቦል፣ ማለትም ተጫዋቾች በቀለም ጥይት የሚታኮሱበትና የተመታው ከጨዋታ የሚወጣበት ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1981 በአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ሄኒከር በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ ጫካ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያን ዕለት ቡድን የሚባል ነገር አልነበረም። አሥራ ሁለት ሰዎች ዛፍና ከብት ላይ ምልክት ለማድረግ የተሠሩ የቀለም ሽጉጦችን ይዘው እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ወደ ጫካው ገቡ፤ በጫካው የተቀመጡትን ባንዲራዎች ሰብስቦ ያሸነፈው ሪቺ ዋይትም ለድል የበቃው አንድ ጥይት እንኳ ሳይተኩስ ነበር። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ዝምታ ትልቅ መሣሪያ ነው። ጨዋታው የቡድን ውድድር ከሆነ በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ዛሬ ዝም ብሎ የሚጫወት ቡድን ምንም ያህል ጎበዝ ተኳሾች ቢኖሩት አምስት ብቸኛ ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ እንደተገናኙ ይቆጠራል፤ እነዚህ ብቸኞች ደግሞ እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩ አምስት ሰዎች ፊት ብዙ አይቆዩም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ከጓደኞቻቸው ወይም ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በኪራይ መሣሪያ መጫወት ጀምረው፣ አሁን እንደ ቡድን መጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። አዲስ ቡድን «ተነጋገሩ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ማንም ማንንም አይሰማም፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላም እያንዳንዱ «እኮ ነግሬህ ነበር» ይላል። እውነት ነው፣ ነግሮታል። የቀረው ነገር ሌላ ነው፤ መልእክቱ ከሚያየው ሰው ተነሥቶ አንድ ነገር ማድረግ ወደሚችለው ሰው አልደረሰም፣ መድረሱንም ያረጋገጠ የለም።

ማን ያያል፣ ማንስ ይንቀሳቀሳል

በአየር በተሞሉ ምሽጎች የሚዘጋጀው የውድድር ሜዳ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ስፋቱም 37 ሜትር ገደማ ነው፤ በተለመደው የውድድር ዓይነት በየወገኑ አምስት አምስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር የሚያይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ተጋጣሚ ተጠግቶ በደረቱ የተኛው የፊት ተጫዋች የሚታየው ከምሽጉ ጠርዝ ባሻገር ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ናት። ራሱን ቀና ካደረገ ይመታል፣ ወደ ጎን ከተንፏቀቀ ይመታል። ከመነሻው አጠገብ የቆመው የኋላ ተጫዋች በአንጻሩ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ሆኖም ከተጋጣሚዎቹ ስለሚርቅ ተኩሱ ሰው የሚያስወጣው አልፎ አልፎ ነው። ዐይኑ ከኋላ፣ እጁ ከፊት ስለሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚነሣው የመጀመሪያው ውሳኔ የሰው አመዳደብ ነው። ብዙ ቡድኖች መሮጥ የማይሆንለትን ወይም ገና ጨዋታውን ያልለመደውን ሰው «አንተ እዚያ ኋላ ቁም» ብለው ያስቀምጡታል። በእኔ እምነት ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ ምክንያቱም ቡድኑ ዐይኑን የሰጠው ያየውን ነገር መለየት ለማይችል ሰው ነው። ከኋላ መቆም ያለበት ሜዳውን የሚያነብ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ሲናገርም የማይታክት ሰው ነው። ጀማሪውን ፊት ማስቀመጡ ጨካኝነት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ፊት ያለው ሰው ከኋላ በሚመጣ ግልጽ ትእዛዝ እየተመራ ከኋላው ሰው ያነሰ ውሳኔ ስለሚወስን፣ ጨዋታውን ለመልመድ የሚመቸው ቦታ እንዲያውም እርሱ ነው። የመሀል ተጫዋቹ ተቀባይም አቀባይም ነው፤ ከኋላ የመጣውን ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ፊት ያለው የተናገረውንም ወደ ኋላ ይመልሳል። የመሀል ተጫዋች ዝም ካለ ሜዳው ለሁለት ይቆረጣል።

ለእያንዳንዱ ምሽግ ስም ማውጣት

ከጨዋታው በፊት ሜዳውን በእግር መዞር የተፈቀደ ከሆነ፣ ይህን ጊዜ ለወሬ ማባከን አይገባም። አምስታችሁም አብራችሁ ዙሩ፤ በእያንዳንዱ ምሽግ አጠገብ ስትደርሱ ስሙን አንድ ሰው ይጥራ፣ ሌሎቹም ድምፃቸውን አውጥተው ይድገሙት። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ስሞች አሉ፤ በአንደኛው ዳር መሬት ለመሬት ተጋድሞ የሚዘረጋው ረጅም ምሽግ «እባብ» ሲባል፣ በሌላኛው ዳር የሚደረደሩት ሦስት ማዕዘን ምሽጎች ደግሞ በአንድ የበቆሎ ቺፕስ ስም «ዶሪቶ» ይባላሉ። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ለቡድኑ ጆሮ የቀረበ ስም ካለ እርሱ ይሻላል። ሦስት ማዕዘኑን «ሳምቡሳ»፣ ክብ ቋሚውን «በርሜል»፣ አራት ማዕዘኑን «ጡብ» ብሎ መጥራት ለአማርኛ ተናጋሪ ቡድን ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ቅርጹን ያየ ሰው ስሙን አይረሳም። ጫካ ውስጥ ለሚጫወቱም «ግንድ»፣ «ጎማ»፣ «ጉድጓድ»፣ «ጎጆ» ይበቃል።

የውድድር ሜዳው ሁለት ወገን እንደ መስተዋት ተመሳሳይ ስለሆነ እያንዳንዱ ምሽግ በተጋጣሚ ክልልም አቻው አለ። ስለዚህ አንድ ሕግ አብጁ፦ ስሙ ብቻ ሲጠራ የተጋጣሚው ምሽግ ማለት ነው፤ የራሳችን ሲሆን «የእኛ» ይጨመርበታል። «ጡብ አንድ» ሲባል በእነርሱ ጡብ ጀርባ አንድ ሰው አለ፤ «የእኛ ጡብ» ሲባል ግን ወደዚያ መሄድ ወይም እዚያ ያለውን ጓደኛ ማየት ነው። ግራና ቀኝም እንዲሁ መወሰን አለበት። ጥሪውን የሚሰማው ሰው ፊቱን ወደየትም ቢያዞር፣ ግራ ማለት ከመነሻችን ወደ ተጋጣሚ መነሻ ስናይ ያለው ግራ ብቻ መሆን ይኖርበታል።

በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ መጠቆምን በተመለከተ አጥብቄ የምመክረው እንዲተዉት ነው። በፊልም የታየ ሁሉ ሜዳ ላይ አይሠራም፤ ለኢትዮጵያውያን ቡድን ደግሞ ከሌላው ይልቅ አደገኛ ነው። «3 ሰዓት ላይ» ሲባል በፈረንጅ አቆጣጠር ለለመደው ሰው ቀኝ ማለት ነው፤ በሀገራችን አቆጣጠር ሰዓት ሲያነብ ላደገው ግን 3 ሰዓት ሲሆን አጭሩ ቆጣሪ የሚያርፈው 9 ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ዐይኑ በደመ ነፍስ ወደ ግራ ሊሄድ ይችላል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት በአቅጣጫ ሲተረጎም ፍጹም ተቃራኒ ይሆናል፤ ከጓደኞቻችሁ ግማሹ ጀርባውን ለጥይት ይሰጣል ማለት ነው። የምሽግ ስም እንዲህ ያለ መዘዝ የለበትም።

የጥሪው ቅርጽ

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። በቤትና በሥራ ቦታ ይህ ምንም አይጎዳም፤ በሜዳ ላይ ግን «በቀኝ በኩል ካለው ከትልቁ በርሜል ጀርባ ሁለት ሰዎች እየመጡ ነው» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ሁለቱ ሰዎች ደርሰዋል። ስለዚህ ጥሪ ከዓረፍተ ነገር ይለያል። ቅደም ተከተሉም አንድ ብቻ ነው፦ የሚጠራው ሰው ስም (ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ)፣ ቦታ፣ ቁጥር፣ ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ አንድ ድርጊት። «በርሜል ሁለት!» «ሊያ፣ እባብ አንድ፣ ያዢ!» ከዚህ የረዘመ ጥሪ መካከሉ በተኩስ ድምፅ ይበላል።

ቃላቱን ስትመርጡ አንድ ነገር በጣም እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። ጭምብል ለብሶ የሚናገር ሰው አናባቢው ይደበዝዛል፤ በአማርኛ ደግሞ አንዲት አናባቢ ትርጉሙን ትገለብጣለች። «ወጣ» ማለት ተጋጣሚው ተመትቶ ከጨዋታ ወጥቷል ማለት ነው፤ «ውጣ» ማለት ደግሞ አንተ ከምሽግህ ተነሥተህ ሂድ ማለት ነው። ከአሥር ሜትር ርቀት፣ በጭምብል ውስጥ፣ ከተኩስ መካከል ሁለቱን የሚለይ ጆሮ የለም። ስለዚህ «ውጣ» የሚለውን ቃል ከሜዳው ፈጽሞ አስወጡና ለመንቀሳቀስ «ሂድ» ብቻ ተጠቀሙ። «አለ» እና «የለም»ም እንዲሁ በሩቁ ይምታታሉ፤ ቦታው ሰው እንደሌለበት ለመናገር «ባዶ» ይሻላል። «ምታ»፣ «ተመታ» እና «ተመታሁ» ዘመዳሞች በመሆናቸው አንዱን ብቻ ያዙ፤ ሰውን ወደ አንድ ቦታ እንዲተኩስ ለማዘዝ «ያዝ» ማለት ከማንኛውም ጋር አይጋጭም።

የአክብሮት ነገርም ከመጀመሩ በፊት መነጋገርን ይፈልጋል። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ቡድን ውስጥ አለቃም፣ በዕድሜ የገፋ ሰውም አለ፤ «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ግራ ይሂዱ» የሚል ወጣት ጨዋነቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ጋሼ እስኪሰሙት ድረስ ተመተዋል። መፍትሔው አክብሮትን በጣሱ ቁጥር መሳቀቅ አይደለም፤ አስቀድሞ ታላቁ ሰው ራሱ «ሜዳ ውስጥ አንተ በሉኝ፣ ስሜም አጭሩ ነው» ብሎ ፈቃድ ቢሰጥ ሁሉም ይቀለዋል። ይህ ፈቃድ ከታናሽ ሊጠየቅ ስለማይመች ከታላቁ መምጣት ይኖርበታል። ለእያንዳንዱም ተጫዋች ሦስት ፊደል የማይዘል የጥሪ ስም ይውጣለት፤ በቡድኑ ውስጥ ሁለት ዳንኤል ካለ አንደኛው ለዚያ ቀን ሌላ ስም ይያዝ።

መድገም

የዚህ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ የረሳ ቡድን ይህን ብቻ ቢይዝ ጨዋታው ይለወጣል። በሠርግ ቤት አውጪው ዜማውን ሲያወጣ ተቀባዮቹ ካልመለሱለት ዘፈኑ እንደሚሞት ሁሉ፣ ተቀባይ ያላገኘ ጥሪም ሞቷል፤ እንደተነገረ አይቆጠርም። ጥሪ የሰማ ሰው የሰማውን ቃል በቃል ይድገም። «እባብ ሁለት!» ሲባል መልሱ «እባብ ሁለት!» ነው።

እዚህ ላይ የምንሳሳተው ጨዋ ስለሆንን ነው። ስማችን ሲጠራ «አቤት» እንላለን፣ ነገር ሲነገረን «እሺ» እንላለን። «አቤት» ጆሮው መከፈቱን ብቻ ይናገራል፤ «እሺ» ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ያልሰማ ሰውም፣ በከፊል የሰማ ሰውም፣ የሰማውን ያልተረዳ ሰውም እኩል ይለዋል። ጠሪው «እሺ» ሲሰማ መልእክቱ የደረሰ መስሎት ወደ ሌላ ሥራ ይዞራል። «እባብ ሁለት» ያለ ጠሪ «ሳምቡሳ ሁለት» የሚል መልስ ቢመጣበት ግን ስህተቱን እዚያው ያርማል። በልምምድ ወቅት «እሺ» ያለን ሰው ወዲያው «ምን እሺ?» ብሎ መጠየቅ ልማዱን በፍጥነት ያስቀረዋል።

መድገም ሁለተኛ ጥቅምም አለው። የኋላው ተጫዋች ድምፅ የፊተኛው ዘንድ ላይደርስ ይችላል፤ የመሀሉ ሲደግመው ግን ይደርሳል፤ የፊተኛው ሲደግመው ደግሞ የኋላው መድረሱን ያውቃል። መልስ ካልመጣ ጠሪው ጥሪውን ይድገም፤ አሁንም ካልመጣ የመሀሉን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ ፊተኛው ሳሚ ከሆነ «ለሳሚ፣ እባብ ሁለት» ይበለው። ዝም ብሎ ተስፋ ማድረግ አይፈቀድም።

አንድ ዙር በቅርብ ሲታይ

እንበልና አቤል ከኋላ፣ ሊያ ከመሀል፣ ሳሚ በእባቡ በኩል ፊት ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በሳምቡሳው በኩል ተሰልፈዋል። የመነሻው ድምፅ ሲሰማ አራቱ ወደየምሽጋቸው ይሮጣሉ፤ አቤል ግን ከተኩሱ ይልቅ ቆጠራውን ያስቀድማል። «እባብ ሁለት! በርሜል አንድ! ሳምቡሳ አንድ!» ሊያ እየሮጠች ትደግማለች፤ ሳሚ እርሱን የሚነካውን «እባብ ሁለት» ብቻ ይይዛል። ድምሩ አራት ነው፤ ተጋጣሚው ግን አምስት ነው። በዚህ ጊዜ ከሚታዩት አራቱ ይልቅ የማይታየው አምስተኛው ያሳስባል፤ አቤልም «አንድ ጠፍቷል!» ይላል። ይህን ጥሪ ብዙ ቡድን አያደርገውም፤ ያላየውን ነገር መናገር የሚያሳፍር ስለሚመስለው። የቀለም ምልክት ይዘው ከሚወጡት ብዙዎቹ ግን የተመቱት ማንም ባልጠራው ሰው ነው። ከሳምቡሳው በኩል «ጡብ አንድ!» የሚል ድምፅ ሲመጣ አምስቱም ተሟሉ፤ አቤል «ጡብ አንድ፣ አምስት ሙሉ!» ብሎ ይዘጋዋል።

ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ሳሚን ይዞ ያቆየው የጡቡ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረ። ሳሚ ተኝቷልና አያየውም፤ አቤል ያየዋል። «ሳሚ! ጡብ ዞሯል፣ ሂድ!» ሳሚ «ጡብ ዞሯል፣ ሄድኩ!» ብሎ ይነሣል። ይህ መልስ ለአቤል ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሊያ «ሄድኩ» የሚለውን ስትሰማ ያለ ሌላ ትእዛዝ ጡቡ ላይ ሽፋን ተኩስ ትጀምራለች፣ የጡቡም ሰው ራሱን ማውጣት አይችልም። ሳሚ ደርሶ «ገባሁ!» ሲል ተኩሱ ይቆማል። አሥር ቃል የማይሞላ ልውውጥ ሦስት ሰዎችን እንደ አንድ ሰው አንቀሳቀሰ።

«ገባሁ» የሚለው የመጨረሻ ቃል ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሯጩ መድረሱን ካልተናገረ ሽፋን ሰጪው ጥይቱን በከንቱ ይጨርሳል፤ ጥይት ማለቅ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ፈጣን ነው። አንድ የተለመደ ሎደር (በመሣሪያው ላይ የሚገጠም የጥይት መያዣ) 200 ያህል የቀለም ጥይት ይይዛል፤ በውድድር ደረጃ በሰከንድ አሥር ያህል የሚተኩስ መሣሪያ ይህን በሃያ ሰከንድ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ «ልሞላ!» የሚለው ጥሪ ጥይቱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል መነገር አለበት፤ ጎረቤቱም «ይዣለሁ» ብሎ መስመሩን እስኪረከበው ድረስ ክዳን አይከፈትም። መሣሪያው ከተበላሸም እንዲሁ በግልጽ መናገር እንጂ ብቻውን ተደብቆ መታገል አይገባም።

የቀሩትን መቁጠር

ተጋጣሚ ሲመታ የመታው ሰው ቦታውንና ቀሪውን ይጥራ፦ «ጡብ ወጣ፣ ቀሪ አራት!» ሁሉም ይድገሙ። በሌላው ዓለም ያሉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የወጡትን ይቆጥራሉ፤ እኔ የቀሩትን መቁጠር እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚያሰጋው በሜዳው የቀረው ሰው ነው። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ «ሁለት» ብቻ ብሎ የጮኸ ሰው ሁለት ወጡ ይበል ሁለት ቀሩ ማንም አያውቅም። የራሳችን ሰው ሲወጣም መነገር አለበት፤ በተለይ ዳር ያለ ሰው ከወጣ ያ ዳር ክፍት ሆኗልና «የእኛ እባብ ክፍት!» የሚለውን ጥሪ ሊቀድመው የሚገባ ሌላ ጥሪ የለም። ቀሪ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ቡድኖች ደስታ ይዟቸው ዝም ይላሉ፤ ጨዋታ የሚገለበጠውም ያን ጊዜ ነው።

የተመታ ተጫዋች መመታቱን አስታውቆ እጁን ወይም መሣሪያውን ከፍ አድርጎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ተጋጣሚ አቋም አንዲት ቃል መናገር አይፈቀድለትም፣ ቢናገር ቡድኑን ያስቀጣል። የሚያውቀውም ሁሉ አብሮት ይወጣል። ከዚህ የተነሣ ያየኸውን ነገር «ቆይቼ እነግራቸዋለሁ» ብሎ መያዝ የለም፤ ባየህበት ቅጽበት ካልተናገርከው ላትናገረው ትችላለህ።

ተጋጣሚ ይሰማናል የሚለው ስጋት

ብዙ ሰዎች ምስጢራዊ ቃላት ለማውጣት ይቸኩላሉ። ስለ ተጋጣሚው አቋም የሚደረግ ጥሪ ቢሰማ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ የት እንዳለ እርሱ ራሱ ያውቃልና። እንዲያውም ምሽጉ በስሙ ሲጠራ የሰማ ሰው ተደናግጦ የሚደበቅበት ጊዜ አለ። መደበቅ ያለበት የእኛ ዕቅድ ብቻ ነው፤ ለዚህም ሁለት ወይም ሦስት የስውር ቃል ይበቃል፣ ለምሳሌ «ቡና» ሲባል በሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ መግፋት፣ «ሻይ» ሲባል ባለንበት መጠበቅ። ከዚህ ከበዛ የራሳችሁ ሰው ይረሳዋል።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በአውሮፓ ከተሞች የሚጫወቱ የአማርኛ ተናጋሪዎች ቋንቋቸው ራሱ ምስጢር ይሆንላቸዋል፤ ይህን ዕድል መጠቀም ተገቢ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በቡድኑ ውስጥ አማርኛ የማይችል አንድ ሰው እንኳ ካለ፣ ወይም እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ቃላቱን እያሰቡ የሚመልሱ ከሆነ፣ የምሽግ ስሞቹና ቁጥሮቹ ሁሉም በቅጽበት በሚረዳው ቋንቋ ይሁኑ። መመታትን፣ ከጨዋታ መውጣትንና ጉዳት ደርሶ ጨዋታ እንዲቆም መጠየቅን ደግሞ ሁልጊዜ ዳኛው በሚሰማው ቋንቋ መጥራት ግዴታ ነው፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ጭምብል፣ ጆሮና ትንፋሽ

የቀለም ጥይት በተለመደው የፍጥነት ገደብ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይበርራል፤ ዐይን ላይ ካረፈ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። ድምፄ ይሰማልኝ ብሎ ጭምብልን ከፍ ማድረግ፣ ለአንድ ሰከንድም ቢሆን፣ በፍጹም አይደረግም፤ ጓደኛው ይህን ሲያደርግ ያየ ሰው ጨዋታውን አስቁሞ ሊነግረው ይገባል። ድምፅን ለማሻሻል ሌላ መንገድ አለ። ጆሮን በወፍራም ጨርቅ አትጠቅልሉ። ስትጠሩ አፋችሁን ጥሪው ወደሚሄድበት ሰው አዙሩ፤ ተጋጣሚን እያዩ ወደ ኋላ መናገር ድምፁን ለተጋጣሚ መስጠት ነው። ፊት ያለው ተጫዋች ግን ዘወር ብሎ ከመጋለጥ በምሽጉ ሥር እንደተኛ ቢናገርና የመሀሉ ሰው ቢያቀብልለት ይሻላል። ከሩጫ በኋላ ትንፋሽ ስለሚያጥር፣ አንድ ጊዜ ተንፍሶ አንድ ጥሪ ሁለቴ መናገር ሦስት ጥሪ በአንድ ትንፋሽ ከማጨቅ የበለጠ ይሰማል። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ይሁን፤ ጩኸት ሲቀጥን ቃሉ ይጠፋል።

በሰፊ ጫካ፣ ቡድኑ ሃያና ከዚያ በላይ ሰው ሲሆን፣ የሬዲዮ መገናኛ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ኤፍ አር ኤስ የሚባሉት ሬዲዮዎች ያለ ፈቃድ ይሠራሉ፤ በአውሮፓ አገሮች ደግሞ ፒ ኤም አር 446 የሚባለው ዓይነት በግማሽ ዋት ኃይል ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የሬዲዮ መገናኛ ጉዳይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ስለሆነ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ሬዲዮውን ለሁሉም ማደል ግን አልመክርም፤ ለየንዑስ ቡድኑ መሪ አንድ አንድ ይበቃል፣ ቁልፉን ተጭነውም አንድ ሰከንድ ቆይተው ይናገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። የእጅ ምልክት የሚሠራው ተቀባዩ እያየ ከሆነ ብቻ ነው።

ልምምድ

ለመግባባት መለማመድ ጥይት አይጠይቅም፤ ሜዳ መከራየትም አያስፈልግም። በግቢ ወይም በመኪና ማቆሚያ ውስጥ ወንበሮችን እንደ ምሽግ ደርድሩና ስም ስጧቸው። ሦስት ሰዎች ተጋጣሚ ሆነው ዝም ብለው ከወንበር ወንበር ይዘዋወሩ፤ የኋላው ተጫዋች ይጥራ፣ ሌሎቹ ይድገሙ፤ የፊተኛው ተጫዋች ደግሞ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ተኝቶ፣ ያላየውን ሜዳ በሰማው ብቻ በጣቱ ይጠቁም። የት እንደሳተ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በኋላ ስልክ ወይም ድምፅ ማጉያ ከፍ አድርጋችሁ ሙዚቃ ክፈቱና ያንኑ ድገሙት። ሰው በጸጥታ የሚያደርገውን በጫጫታ ውስጥ ማድረግ ሲያቅተው የትኛው ቃል ደካማ እንደሆነ ይገለጣል። ሁሉም ሰው ቦታ እየቀያየረ የኋላውን ሥራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሞክረው፤ መልስ የማያገኝ ጠሪ ምን ያህል እንደሚጨነቅ የቀመሰ ሰው ፊት ሲሆን መድገም አይረሳም።

በእውነተኛው ጨዋታ መካከል «ለምን አልሄድክም!» የሚል ወቀሳ አይሰማ። ወቀሳ ቦታም ቁጥርም የለውም፤ የጥሪውን ቦታ ግን ይወስዳል፣ የተወቀሰውም ሰው ከዚያ በኋላ መናገር ይተዋል። ያለው ቅሬታ ሁሉ ከሜዳው ውጭ፣ መሣሪያው አፈሙዙ ተሸፍኖ ጭምብል ከወለቀ በኋላ ይነሣ። በዚያን ጊዜም መጀመሪያ የሚናገረው ፊት የነበረው ሰው ይሁን፤ የሚጠየቀውም «ለምን ተመታህ» ተብሎ ሳይሆን «ምን አልሰማህም?» ተብሎ ነው። ቀጥሎ የኋላው ሰው የትኛው ጥሪው መልስ እንዳላገኘ ይናገር። ከመረቡ ውጭ የቆመ ወዳጅ ጨዋታውን በስልክ ቀርጾ ከሆነ ምስሉን ሳይሆን ድምፁን አስቀድማችሁ ስሙት። ሁለት ጊዜ የተምታታ ስም ወይም ቃል ከተገኘ ለቀጣዩ ዙር እዚያው ይቀየርና አዲሱን ስም አምስታችሁም ድምፅ አውጥታችሁ ሦስት ጊዜ ጥሩት።